ወልደ ገብርኤልን ማን አየው?

መስከረም 26

የጽጌ ጾም ዛሬ ገባ። ይህን ደብተር መጻፍ የጀመርኩት ባለቤቴ የዓለምወርቅ ካረፈች ወዲህ ነው፤ ማታ ማታ ከእሷ ጋር የማወራውን ወረቀት ላይ ላውለው ብዬ። አሁን ከእሷ ጋር ይሁን ከራሴ ጋር የማወራው፣ እንጃ።

ከሥራ ስመለስ ብርቅነሽ የግቢዋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። በሯ ዳግመኛ ከማጠፊያው ወልቋል። በሽቦ አሰርኩላት። አንድ ልጇ ኤርሚያስ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ በጅቡቲ መንገድ ከወጣ ሰንብቷል፤ ስልኩ አይሠራም።

«ሁልጊዜ አዋሽ ሲደርስ ይደውልልኝ ነበር» አለች።

ደም ብዛት አለባት። ዘንድሮ እግሯም አብጦ የቁስቋምን ዳገት መውጣት አልቻለችም። «እርስዎ ሲጸልዩ ያስቡልኝ። ክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሄርሜላ ራት ስታቀርብ «አባዬ፣ የእትዬ ብርቅነሽ በር ዛሬም አመመው?» አለችኝ። ይቺ ልጄ ነገረኛ ሆናለች። ጎረቤት ነኝ፤ ሌላ ማን ይሰርላት?

ጥቅምት 2፣ እሑድ

የዓለምወርቅ ሙት ዓመት። ቁስቋም ማርያም በጠዋት ሄድኩ። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ደጀ ሰላሙን ሸፍኖት ነበር።

መምሬ ኅሩይ ለፍትሐቱ ሲገቡ ደረስኩባቸው። የንስሐ አባቴ ናቸው። «ወለተ ኪዳን» አልኳቸው፤ የባለቤቴን ነው። አያይዤም «ወልደ ገብርኤል» አልኩ። ቆም ብለው አዩኝ። ምንህ ነው ሊሉኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። የጎረቤቴ ልጅ ነው ብል የየትኛዋ ይሉኛል። በሚስቴ ሙት ዓመት ቆሜ ስለ ሌላ ሴት ልጅ ማውራት አሳፈረኝ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ሰዉ ተመለስኩ። ማንነቱን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ሁለቱም ስሞች ተጠሩ። ለብርቅነሽ የገባሁትን ቃል በመፈጸሜ ደስ አለኝ።

ቦጋለም እዚያው ቆሞ ነበር። የእድራችን ዳኛ ነው፤ ኤርሚያስን ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። ስንወጣ ሰላም ልለው ዞር ስል ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ በፍጥነት ሄደ። ምን አስቀየምኩት? ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

ጥቅምት 6

ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ ሥልጠና ተጀመረ። ሰሌዳው ላይ «ሂሳዊ አስተሳሰብ ለሥራና ለዕለት ተዕለት ኑሮ» ተብሎ ተጽፏል። ጀላል፣ አብሮኝ አፈር የሚሞላው፣ «ሂሳብ ከሆነ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ተጣልቼዋለሁ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አሠልጣኟ ሃዊ የምትባል ወጣት ናት፤ እሷም ሳቀች።

ከዚያ አስነሥታ ወደ ችግኞቹ ወሰደችን። ዝግባዎቹ ቢጫ ሆነዋል። ምን ነካቸው አለችን። ሁላችንም ባንድ አፍ «ውርጭ» አልን።

«ውርጩን ማን አየው?»



«አላየነውም። ግን ጥቅምት ነዋ» አለ ጀላል።

አንዱን ነቅላ ፕላስቲኩን ቀደደችው። ሥሩ በስብሷል። ፕላስቲኩ ከታች ስላልተበሳ ውሃ አቁሮ ኖሯል። ሳንበሳው የሞላነው እኛው ነን። በየቀኑ እያጠጣን የገደልነውም እኛው።

ጥያቄዎች አጻፈችን። ማን አየው? የነገረህ ሰው ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? በመጨረሻ ደግሞ «እኔ እውነት እንዲሆን የምፈልገው የትኛውን ነው?» አለች። ይቺኛዋ አልገባችኝም። የምፈልገውን ማወቅ ለዝግባ ምን ይጠቅመዋል?

ጥቅምት 12



ቦጋለ ታክሲ መውረጃው ላይ ጠብቆኝ ኖሯል። ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ።

«ከባድ ነገር ተሸክመሃል» አለኝ።

ስለ ባለቤቴ መሰለኝ። «ምን ይደረግ ብለህ ነው» አልኩት።

«እሷ አልሰማችም አይደል?»

«ማን?»

«ብርቅነሽ ናታ። የልጁን ነገር።»

ምን ሆነ፣ ማን አለህ፣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን መርዶ መንገድ ላይ አይመረመርም። የሰማ ሰው እንደ ሰማ ይዞት ይቆያል፣ ለባለቤቱ እስኪነገር ድረስ ቃሉም አይነሣም። ደግሞ የቅርብ ጎረቤቷ ሆኜ፣ የእድር ሽማግሌ ሆኜ፣ ሳልሰማ መቅረቴም አሳፈረኝ መሰለኝ።

«አልሰማችም» አልኩ።

«እንግዲህ አንተም ዋጥ አድርገው። ጥቅምት ሠላሳ፣ እሑድ ማለዳ እንነግራታለን። ለቁስቋም በዓል ለብሳ ስትወጣ ማየት አልችልም እኔ» አለና ዓይኑን ጠረገ። ቦጋለ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ክርስትና አባቱ ነው። ሳያውቅ አያለቅስም።

ጥቅምት 13

ሽቦው ላልቷል። ሳላስረው አለፍኩ። «ጋሽ ፀሐዬ!» ብላ ጠራችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ገባሁ። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

ጥቅምት 16

ፈራሁ። የምፈራውን ልጻፈው፣ ምናልባት ያንሳል።

እማማ ጥሩነሽን አስታወስኩ፤ ከታች ሰፈር ነበሩ። የልጃቸውን መርዶ ሊነግሯቸው ሽማግሌዎች በማለዳ ሲገቡ ገና ነጠላውን እንዳዩ ነው የወደቁት። ማንም አፉን ሳይከፍት። ከዚያ ወድቀው አልተነሡም። እኔም ከገቡት አንዱ ነበርኩ። ብርቅነሽ ደግሞ ደም ብዛቷ አለ፣ እግሯ አለ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያዘችኝ። ማምለጫ አልነበረም።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ ሰዉ ምን ሆኗል? ሁሉም ባንድ ሳምንት ደግ ሆነብኝ። የቦጋለ ሚስት አስቻለች ሽሮ ይዛልኝ መጣች፤ ምን ጎድሎብኝ ነው? ሱቅ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። እርስዎም ይሸሹኛል።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«በሬም ወልቋል።»

«አየሁት።»

«አይተው ነው?»

በሩን አሰርኩላት። ሽቦውን ሳጠማዝዝ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ውሃ አምጥታ አጠበችልኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እኔ በውስጤ ልጇ ሞቷል እያልኩ፣ እሷ ጣቴን ታጥባለች።

ጥቅምት 18

ዋቅቶላ ጋ ቆምኩ። ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ በእድር ግን አንድ ነን። ገና ሳልጠይቀው ስልኩን አወጣ።

«ይኸው መኪናው» አለኝ። የተቃጠለ ከባድ መኪና፣ ፊቱ ሰማያዊ ነበር መሰለኝ። የኤርሚያስም መኪና ሰማያዊ ነው።

«ከየት አገኘኸው?»

«ቴሌግራም ላይ ነዋ። ሾፌሮቹም ሰምተናል ብለውኛል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነበር ጋሽ ፀሐዬ። ጎማ ሲያስነፋ እንኳ እየዘፈነ ነበር።»

ነበር አለ። ሁለቴ።

እንግዲህ ቦጋለ፣ ዋቅቶላ፣ ሾፌሮቹ፣ ፎቶው። ሌላ ምን እጠብቃለሁ?

ማታ፦ ፎቶውን ዋቅቶላ ልኮልኝ ነበርና ለሄርሜላ አሳየኋት። ስልኳን ስትነካካ ቆየች። ከዚያ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው። እኔ ኮሌጅ እያለሁ የወጣ ነው፤ ቦታውም ሌላ ነው። ይኸው ቀኑ» አለች። አየሁት። እውነቷን ነው።

ደስታው ከወንበሬ አስነሣኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የዚያችን ልጅ፣ የሃዊን የመጨረሻ ጥያቄ ያኔ ነው የገባኝ። እውነት እንዲሆን የምፈልገውን አውቃለሁ። ልጁ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ለልጁ ብቻም አይደለም፤ እሷ እንዳትወድቅብኝ ነው። እንግዲያው ከማንም በላይ መጠርጠር ያለብኝ ራሴን ነው። ፎቶው ውሸት ሆነ ማለት ልጁ አለ ማለት አይደለም። ቦጋለ ያለቀሰው ፎቶ አይቶ አይደለም።

«እንዳትወድቅብኝ» ብዬ ጻፍኩ እንዴ? እንዳትወድቅ ለማለት ነው።

ጥቅምት 21

ችግኝ ጣቢያ፣ ምሳ ሰዓት። ለጀላል ስም ሳልጠራ ነገርኩት። እሱ ከሥልጠናው ወዲህ ሁሉን ነገር መቀለጃ አድርጎታል። ሻዩ ቀዝቅዟል ብል «ማን አየው?» ይላል። ዛሬ ግን አልቀለደም።

«ጋሼ፣ ሁሉም ከየራሳቸው ቦታ ነው የሰሙት ወይስ ካንድ አፍ?»

«እንጃ።»

«እንግዲህ ነቅለህ ሥሩን እየው።»

ከሥራ በቀጥታ ዋቅቶላ ጋ ወረድኩ። ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

«የትኛው ሾፌር ነው የነገረህ?»

«ብዙ ናቸው።»

«አንዱን ንገረኝ። ምን ነበር ያለህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እ... ማለቴ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው። የጉለሌ ልጅ፣ ረዳት፣ ሞተ የተባለውን ሰምታችኋል ወይ አልኳቸው። አዎ ሰምተናል አሉኝ።»

«ከማን?»

ራሱን አከከ። «አሁን ሳስበው... አንዱ እንዲያውም፣ ባለፈው አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ ብሎኛል።»

የጎማው ውሃ ይንፈቀፈቃል።

«አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ከአስቻለች። የቦጋለ ሚስት እኮ ናት፣ ዝም ብላ አታወራም።»

ምስክሮቹ ሁሉ ቦጋለ ቤት ገቡ።

ጥቅምት 24

እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ሰውን መመርመር፣ ያለቀሰን ሰው መጠራጠር፣ እምነት ማጉደል ይሆን? ቁስቋም ወጥቼ ለመምሬ ኅሩይ ይህንኑ ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ቶማስን ጌታ አላባረረውም» አሉኝ። «እጅህን አምጣ ነው ያለው። ምንድነው ያስጨነቀህ ግን፣ ፀሐዬ?»

ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ስም መጥራት ሊኖርብኝ ነው። የማን ልጅ፣ ለምን አንተ፣ ሊሉኝ ነው። «የሰፈር ነገር ነው አባ» አልኩና መስቀል ተሳልሜ ወረድኩ።

ሰዉ እየተዘጋጀ ነው። እድሩ ድንኳኑን አውጥቶ ፀሐይ አስመታው። ብርቅነሽ በአጥሯ ላይ አይታው «ማን ሞተ?» ብላ የድንኳን ጠባቂውን ጠየቀችው። «ሻጋታ እንዳይበላው ነው» አላት። ይህን ራሷ ነገረችኝ። እየነገረችኝ ፊቴን ታጠና ነበር።

ጥቅምት 27

እኔ ነኝ።

አምላኬ፣ እኔው ነኝ።

ጥቅምት 28

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ቦጋለ ቤት ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ ሬዲዮውን አጠፋው።

«ቦጋለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትቆጣኝ። የኤርሚያስን ነገር ማን ነገረህ?»

አፍጥጦ አየኝ። «ትቀልዳለህ?»

«በእመቤቴ ስም ነው የምጠይቅህ።»

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔ? መቼ ተነጋገርን?»

«መነጋገር ያስፈልጋል? በሚስትህ ሙት ዓመት፣ እዚያው ቆሜ፣ ወለተ ኪዳን ተብሎ ወልደ ገብርኤል ሲጠራ አልሰማሁም? ያ ስም የማን እንደሆነ ከእናቱና ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ጎረቤቷ ነህ። ሰምተህ ለእሷ መንገር አቅቶህ፣ ለነፍሱ ጸሎት አስያዝክ ብዬ አዘንኩልህ እኮ! ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቼህ፣ አልሰማችም አላልከኝም?»

ብያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ይዤ እንደተቀመጥኩ ብቻ ነው የማስታውሰው። ስሙን ለሕያው ጸሎት ነበር የሰጠሁት። በፍትሐት ሰዓት፣ ከሟች ስም ጋር አያይዤ፣ መንገደኛ ነው ሳልል። መምሬ ኅሩይ ቆም ብለው ሲያዩኝ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ! ምንህ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ። እሱ እኔ የማውቅ መስሎት አለቀሰ፣ እኔ የእሱን እንባ አይቼ አመንኩ። በየቀኑ እያጠጣን።

እንዴት እንደሆነ ለቦጋለ ነገርኩት። ቆይቶ ግን «እሺ። ልጁስ የት አለ ታዲያ?» አለኝ።

ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ወሬው ከእኔ አፍ መነሣቱ ልጁን ከመንገድ አያመጣውም። ወር ሙሉ ያልደወለ ልጅ ነው። ሞቶም ሊሆን ይችላል፣ በእውነት፣ እኛ ሳናውቅ፣ የእኛ ውሸት ሳይነካው።

«እሑዱን አስቀረው» አልኩት።

«የሰማውን ሁሉ የት አገኘዋለሁ? ዘመድ ከአዲሱ ገበያ ይመጣል፣ ከቁስቋም በላይ ያሉት ይመጣሉ። የምችለውን እነግራለሁ። አንተ ግን እሑድ በማለዳ በሯ ላይ ሁን። ያልኩትን እኔ ነኝ ያልኩት ብለህ በአፍህ ተናገር።»

ሄርሜላ ስትሰማ «አባዬ፣ ከእሑድ በፊት ለራሷ ንገራት» አለችኝ። ወጣሁ። በሯ ላይ ደረስኩ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ተመለስኩ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጣሁ። ሌሎች ግን ቀድመውኝ ኖሯል። ቦጋለ ያላገኛቸው ሰዎች ናቸው፤ ስድስት ሰባት ይሆናሉ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ቦጋለ አንዱን ይዞ በሹክሹክታ ይለምነዋል። ሰውየው «ከመጣን በኋላ እንዴት ይቀራል?» ይለዋል።

ከውስጥ «ማነው?» አለች።

የከዘራዋ ድምፅ መጣ። በሩን ገፍቼ ቀድሜ ለመግባት ስል ያሰርኩት ሽቦ ያዘኝ። ልፈታው ብሞክር አልተፈታልኝም። እሷ ከውስጥ ሆና ፈታችው። ከፈተችው። አየችን።

የዚያን ጊዜ ፊቷን መጻፍ አልችልም።

«ብርቅነሽ፣ አትውደቂ» አልኩ። ሌላ ቃል አጣሁ። «አትውደቂ። መርዶ አይደለም።»

«ልጄ ሞቷል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አልሞተም ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ደርሶ ነበር። እንድትቆምልኝ ብዬ ልዋሽ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «ማንም አያውቅም። ሞቶ ያየው ሰው የለም፣ ሞተ ብሎ የነገረን ሰውም የለም። ስሙን ከሙታን ጋር ያስጠራሁት እኔ ነኝ። በስህተት። ለሕይወቱ እንዲጸለይለት ፈልጌ፣ የማን ነው እንዳልባል ፈርቼ ስሙን ብቻ ሰጠሁ። ቦጋለ ያንን ሰማ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።»

የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆመች። አልወደቀችም። ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ሽሮ ያመጡላትን፣ ሱቅ ውስጥ ዝም ያሉባትን። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ይህን ሁሉ ቀን፣ አንተ፣ እዚህ ቆመህ ሽቦ ስታስር፣ ልጄ ሞቷል ብለህ ታስብ ነበር?»

አንተ አለችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አዎ።»

«ውጡልኝ። ሁላችሁም» አለች። በሩን ዘጋችው። ወለቀ። እዚያው ዘንበል ብሎ ቀረ፣ ልነካው አልደፈርኩም።

ኅዳር 1

አላየኋትም። ሄርሜላ ስትጠይቃት ደም ግፊቷን ለካችላት፤ ከፍ ብሏል። መድኃኒቷን ግን እየወሰደች ነው። ስለ እኔ ምንም አላለችም አለችኝ። እኔም ስለ እኔ አልጠየቅኩሽም አልኳት።

ኅዳር 2

በሩ እንደዘመመ ነው።

ዋቅቶላ መጥቶ ነበር። ከእሑድ ወዲህ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ መጠየቅ ጀምሯል። «አሁን ግን ሰማችሁ ወይ አልልም። በዓይናችሁ ያያችሁት አለ ወይ ነው የምለው። በቃ፣ አንዱ አየሁት እስኪል» አለኝ። አንዱ ሬሳውን አየሁ ቢልስ? ይህን አልነገርኩትም። እየሠራሁ የስልክ ድምፅ ስሰማ አካፋው ከእጄ ይወድቃል። ጀላል ዝም ብሎ ያነሣልኛል።

ኅዳር 4

በሬ ተንኳኳ። ዋቅቶላ፣ ከኋላው አንድ አቧራ የለበሰ ሾፌር። ስሙ ሌሊሳ ነው።

«አይቶታል!» አለኝ ዋቅቶላ።

ብርቅነሽ ግቢ ይዣቸው ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሑድ ወዲህ። ተቀመጥ አላለችኝም፣ ውጣም አላለችኝም። ሌሊሳ ተናገረ፦ መኪናቸው ሚሌ አካባቢ ተበላሽቶ ዕቃ እየጠበቁ ነው፤ ስልኩ ተሰርቋል፤ የእናቱን ቁጥር በቃሉ አያውቅም፤ ሲም ካርዷን የቀየረችው በመስከረም ነው። ደህና ነው። ጠቁሯል እንጂ ደህና ነው።

ብርቅነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዋቅቶላ «ሃሌሉያ» አለ። እኔ ብቻ ፈራሁ። እንዲህ የፈለግኩትን ነገር እንዴት ዝም ብዬ ልዋጠው?

«መቼ አየኸው?»

«ሰኞ።»

«አንተ ራስህ?»

«ራሴ። ሻይ አብረን ጠጣን።»

«ኤርሚያስ የሚባል ስንት ረዳት አለ። እሱ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«ኧረ ጋሼ፣ መርማሪ ፖሊስ ነዎት እንዴ?»

«በምን አወቅክ?»

ብርቅነሽ «ተወው እንጂ!» አለችኝ። አልተውኩትም። እንደገና በእኔ ስህተት፣ ደግሞ በደስታ በኩል፣ ብትወድቅስ?

ሌሊሳ አሰበና ሳቀ። «አንድ መልክት ሰጥቶኛል። ጋሽ ፀሐዬ የሚባል ጎረቤት አለን፣ ንገረው አለኝ። የእናቴን በር በሽቦ ማሰሩን ይተውና ማጠፊያ ይግዛ በለው። ማጠፊያ ከተገጠመ ግን መምጫ ያጣል፣ ለዚህ ነው የማይገዛው፣ ብሎ ይስቅ ነበር። ጋሽ ፀሐዬ የቱ ነው ታዲያ?»

ሁሉም እኔን ያያል፣ ከኋላዬ ደግሞ የዘመመውን በር።

ብርቅነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትስቅ ነበር። ከዚያ አለቀሰች።

«እሱ ነው» አለች። «ይቺ የኤርሚያስ አፍ ናት።»

ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

ኅዳር 5

ደወለ። ሌሊሳ ወደዚያ ለሚወርድ ሾፌር አዲሱን ቁጥር ሰጥቶለት ነበር። ድምፁን በግድግዳው በኩል፣ በእሷ ጩኸት ውስጥ ሰማሁ። ቦጋለ መጣ፣ በሯ ላይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። ግባ አለችው።

ማጠፊያ ገዛሁ። ሁለት። በኪሴ ይዣቸው ገባሁ። ዛሬ መሽቷል፣ ነገ ደግሞ በዓል ነው፣ ሥራ አይሠራም። ከበዓሉ በኋላ እገጥመዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንን በር በምን ሰበብ እንደምነካው አላውቅም። ያስፈራል፣ ይሄም።

ኅዳር 6፣ ቁስቋም

ጾሙ ተፈታ። ብርቅነሽ ዳገቱን ወጣች። በከዘራ፣ በየመቆሚያው እያረፈች። ሄርሜላ በአንድ በኩል፣ እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ። ሰው ያያል።

«ምነው ራቅክ?» አለችኝ። አሁንም አንተ ነው የምትለኝ።

ቅዳሴው ሲያበቃ መምሬ ኅሩይን አገኘኋቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። «ያን ቀን ልጠይቅህ ቆም ብዬ ነበር» አሉኝ። «አንገትህን ስትደፋ ጊዜ ተውኩት። የእኔም ጥፋት አለበት።»

ወልደ ገብርኤል በሉልኝ አልኳቸው፣ በሕይወት ካሉት ጋር፣ መንገደኛ ነው፣ ገና አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ሳልተነፍስ ተናገርኩ።

«ምንህ ነው?» አሉኝ።

«የብርቅነሽ ልጅ ነው፣ አባ።»

«ብርቅነሽስ ምንህ ናት?»

እንደዚያን ቀን አንገቴን ልደፋ ነበር። አልደፋሁም።

«እሱን ገና አላጣራሁም» አልኳቸው።

ሳቁ። ከኋላዬ ደግሞ ከዘራ ድንጋዩን ነካ አድርጎ ቆመ፣ በጣም ቅርብ። ዞሬ ለማየት ፈራሁ።